የእቁቡ መዝገብና ዲኮሬተሮቹ፦ ከሥራ ማስታወሻዬ

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

አክስቴ የእቁብ ጸሐፊ ናት። 24 አባላት፣ በሳምንት 2,000 ብር። ዕጣ የወጣለት 48,000 ብር ይዞ ይሄዳል፣ ዋስ ካመጣ ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ሒሳብ እስካሁን የኖረው ጥግ ጥጉ በተላጠ አንድ ደብተር ውስጥ ነው። ባለፈው ወር ደብተሩ ላይ ቡና ፈሰሰ። "አንተ ኮምፒውተር ላይ ተጥደህ የምትውል ልጅ፣ እስቲ ለኔም አንድ ነገር ሥራልኝ" አለችኝና ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጀመርኩላት። ዳታው ኤስኪውላይት የሚባል ትንሽ ዳታቤዝ ላይ ይቀመጣል፣ እሷ የምታየው ተራ የዌብ ገጽ ነው። ከዚህ በላይ ምንም የለውም።

ዛሬ ኮዱን ቁጭ ብዬ ሳነበው ደበረኝ። እቁብ የሚለው ክላስ (የአንድ ዓይነት ነገር ንድፍ ማለት ነው) ውስጥ 11 ሜተዶች፣ ማለትም ክላሱ የሚሠራቸው ሥራዎች፣ አሉ፣ ሁሉም መጀመር ያለባቸው በነዚያው አራት መስመሮች ነው። ማን ነው የጠራኝ? ይፈቀድለታል ወይ? ካልተፈቀደለት አቁም። ከተፈቀደለት መዝገብ ላይ ጻፍና ቀጥል። ኮፒ ፔስት። ኮፒ ፔስት ደግሞ ጠባዩ ነው፣ አንዱ ቦታ ላይ ረስቼዋለሁ። የረሳሁት ሌላ ቦታ ቢሆን ምን ነበረበት፣ ዕጣ_ሰርዝ ላይ ነው። የወጣ ዕጣ ቢሰረዝ ማን እንደሰረዘው የሚናገር ነገር የለም። እቁብ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ጎረቤት ከጎረቤት ያቆራርጣል።

ስለዚህ አራቱን መስመሮች ከሜተዶቹ ውስጥ አውጥቼ ዲኮሬተር፣ ማለትም ሜተድን ከውጭ የሚጠቀልል ኮድ፣ ላደርጋቸው ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ዲኮሬተርን የማስረዳው በመሥሪያ ቤት ዘበኛ ነው። ዘበኛው ስምህን ይጠይቃል፣ ላፕቶፕህን ደብተሩ ላይ ይመዘግባል፣ ያስገባሃል፣ ስትወጣም ያይሃል። ውስጥ ገብተህ የምትሠራው ሥራ ግን አያገባውም። ሜተዱ ሥራውን ይሠራል፣ በሩ ላይ ያለውን ጣጣ ዲኮሬተሩ ይጨርሳል።

ስሞቹን በአማርኛ ነው የምጽፈው። ፓይተን ከ3 ጀምሮ የግዕዝ ፊደልን በስም ውስጥ ይቀበላል። ቁልፍ ቃሎቹ እንግሊዝኛ ሆነው ይቀራሉ እንጂ ክላሱ፣ ሜተዱ፣ ተለዋዋጩ በሙሉ በአማርኛ ቢሆን ቅር አይለውም። ዋስን፣ ዙርንና ዕጣን ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ ስጽፍ እኔው ራሴ ይምታታብኝ ነበር፣ ለዚህ ነው።

ኅዳር 7፣ እሁድ

የመጀመሪያው ዲኮሬተር ይጻፍ ይባላል። ሥራው ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳደረገና ተሳክቶለት እንደሆነ መጻፍ ነው። ሜተዱ ራስ ላይ የሚቀመጠው እንዲህ ነው፦

@ይጻፍ

ይቺ የኧት ምልክት አስማት የላትም። ከታች ያለውን ብጽፍ ያው ነበር፦

ክፍያ_ጨምር = ይጻፍ(ክፍያ_ጨምር)

ድሮ እንዲህ ነበር የሚጻፈው። ስታቲክሜተድና ክላስሜተድ የሚባሉት የፓይተን የራሱ መጠቅለያዎች በ2001 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከፓይተን 2.2 ጋር ሲመጡ ምልክቷ ገና አልነበረችም። ሜተዱን ጽፈህ ትጨርስና ከሥሩ ስሙን ደግመህ ትጠቀልለዋለህ። ሜተዱ ረጅም ከሆነ መጠቅለሉን የምታውቀው ታች ድረስ ከወረድክ ነው። ምልክቷ የገባችው በ2004 በፓይተን 2.4 ሲሆን ክላስን በሙሉ መጠቅለል የተቻለው ደግሞ በ2008 ነው።

ይጻፍ አንድ ፋንክሽን (ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ፣ ሜተድም ክላስ ውስጥ ያለ ፋንክሽን ነው) ይቀበላል፣ ውስጡ ሸፋኝ የሚል ሌላ ፋንክሽን ይሠራል፣ ያንን ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ክፍያ_ጨምር ብለህ የምትጠራው ሸፋኙን ነው። ዋናው ከኋላ ተደብቋል።

ሁለት ስህተት ሠራሁ፣ ሁለቱም የተለመዱ ናቸው። አንደኛው፣ ሸፋኙ ዋናውን ይጠራዋል እንጂ ውጤቱን አይመልስም ነበር። ድምር የሚለውን ሜተድ ስጠራ በ48,000 ፈንታ ነን መጣልኝ፣ ፓይተን "ምንም የለም" የሚልበት ቃል ማለት ነው። ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ፈተሽኩት፣ ሒሳቡ ምን በወጣው! ሸፋኙ ውስጥ ሪተርን ስለረሳሁ ነው። ሁለተኛው፣ መዝገቡን ስከፍት አርባ መስመር ሙሉ "ሸፋኝ ተጠራ፣ ሸፋኝ ተጠራ" ይላል። ሜተዱ ሲጠቀለል ስሙንም ዶክስትሪንጉንም (የማብራሪያ ጽሑፉን) ያጣል። መድኃኒቱ ከፓይተን ጋር አብሮ በሚመጣው ፈንክቱልስ ሞጁል ውስጥ ያለው ራፕስ ነው፣ የዋናውን ስም ወደ ሸፋኙ ይገለብጠዋል። አንድ መስመር ናት። ዲኮሬተር በጻፍክ ቁጥር እሷን ቀድመህ ጻፍ፣ ለምን ብለህም አትጨነቅ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ዛሬ ፈቃድ። ዕጣ መመዝገብ የሚችለው ዳኛው ብቻ ነው፣ ክፍያ የምትጨምረው ጸሐፊዋ ናት፣ አባላት ማየት ብቻ። ይሄኛው ዲኮሬተር ራሱ አርጊውመንት (ሲጠራ በቅንፍ የሚሰጠው ነገር) ስለሚቀበል ሦስት ፎቅ ሆነ። ፈቃድ ሚናውን ይቀበልና ዲኮሬተር ይመልሳል፣ ያ ዲኮሬተር ሜተዱን ይቀበልና ሸፋኝ ይመልሳል። መጀመሪያ ሲያዩት ራስ ያዞራል። እኔ ከውጭ ወደ ውስጥ ሳነበው ሁሌም ይጠፋኛል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ሳነበው ግን ይገባኛል።

እንዲህ ጻፍኩ፦

@ፈቃድ("ጸሐፊ")

አክስቴ በራሷ ስም ገብታ ክፍያ ስትጨምር "አይፈቀድልዎትም" አላት። እሷ ደግሞ ወደኔ ዞራ "እኔን ነው?" አለች።

ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፣ ብታምኑም ባታምኑም። ዲኮሬተሩን ገለባበጥኩት፣ ፕሪንት አበዛሁ፣ ቡና ጠጣሁ። ነገሩ ወዲህ ነው። ዲኮሬተሩ ላይ "ጸሐፊ" ብዬ ጽፌያለሁ፣ ዳታቤዙ ላይ ግን "ፀሐፊ"። ለኔና ለናንተ አንድ ቃል ነው፣ ለፓይተን ግን ጸ እና ፀ እንደ በ እና ተ የተለያዩ ናቸው። ፓይተን ስሞችን ከማነጻጸሩ በፊት አንዳንድ ፊደሎችን ወደ አንድ መልክ ያመጣል፣ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ግን በዚህ ውስጥ የሉበትም። በአማርኛ ኮድ የመጻፍ ዋጋው ይሄ ነው፣ ከፍያለሁ።

ማስተካከያው ስትሪንግን (በጥቅስ ውስጥ ያለ ተራ ጽሑፍ) ትቶ ኢነም (የተወሰኑ ስሞች ብቻ ያሉት ዝርዝር) መጠቀም ነው። ሚና የሚል ኢነም ሠርቼ ውስጡ ዳኛ፣ ጸሐፊና አባል አስቀመጥኩ፦

@ፈቃድ(ሚና.ጸሐፊ)

የወደድኩት ነገር እዚህ ጋ ነው። ዲኮሬተሩ የሚሠራው ሜተዱ ሲጠራ አይደለም፣ ክላሱ ሲፈጠር ነው፣ ማለትም ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ። አሁን በስህተት ሚና.ፀሐፊ ብዬ ብጽፍ ፕሮግራሙ ገና አልነሳም ይለኛል፣ "እንዲህ የሚባል ነገር የለም" ብሎ እዚያው ይቆማል። ስትሪንግ በነበረ ጊዜ ስህተቱ ዝም ብሎ ተደብቆ አንድ ሰው ቁልፉን እስኪነካ ይጠብቅ ነበር። እሁድ ስብሰባ ላይ ከሚያዋርደኝ ሰኞ ጓዳዬ ውስጥ ቢሰድበኝ ይሻለኛል።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉ። ሁለት ዲኮሬተሮች ሲደራረቡ መጀመሪያ የሚጠቀልለው የታችኛው ነው፣ ሲጠራ ግን መጀመሪያ የሚሠራው የላይኛው ነው። ፈቃድን ከላይ ባደርገው ያልተፈቀደለት ሰው በሩ ላይ ይመለሳል፣ መዝገቡ ግን ማን ሊገባ እንደሞከረ አያውቅም። አክስቴን ጠየቅኳት። "የተመለሰውንም ጻፈው እንጂ፣ እሱን አይደል ማወቅ የምፈልገው!" እሺ። ይጻፍ ከላይ፣ ፈቃድ ከታች።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ትንሽ ለመራቀቅ ብዬ አንድ ምሽት አቃጠልኩ። እያንዳንዱ ሜተድ ስንት ጊዜ እንደተጠራ ልቁጠር አልኩና ቆጣሪውን እንደ ፋንክሽን ሳይሆን እንደ ክላስ ጻፍኩት። ክላስ ሁኔታ ለመያዝ ይመቻል፣ ቁጥሩ ውስጡ ይቀመጣል፣ ሲያዩትም ደስ ይላል።

ክፍያ_ጨምር ላይ አድርጌ ስጠራው "ብር የሚለው አርጊውመንት ጎድሏል" የሚል ስህተት መጣ። ብሩን ሰጥቼዋለሁ! 2,000 ብዬ በጣቴ ነው የጻፍኩት።

የሆነው ይሄ ነው። የተራ ሜተድ የመጀመሪያ ፓራሜትር በልማድ ሰልፍ ይባላል፣ ራሱ ኦብጀክቱ፣ ማለትም ከክላሱ ንድፍ የተሠራው አንዱ እቁብ ነው። በአማርኛ ሲጻፍ የታክሲ ሰልፍ መምሰሉ ሁልጊዜ ያስቀኛል፣ ዛሬ ግን ጭራሽ ልክ ሆኖ ተገኘ። ከሰልፉ ፊት የነበረው ኦብጀክቱ ጠፋ፣ ሁሉም አንድ አንድ ቦታ ወደፊት ተጠጋ። አባሉ በኦብጀክቱ ቦታ ቆመ፣ ብሩ በአባሉ ቦታ፣ መጨረሻ ላይ የብሩ ቦታ ባዶ ቀረ። ስህተቱ የሚነግረኝ መጨረሻ ላይ ስለጎደለው ነው፣ የጠፋው ግን ከፊት ነው።

ለምን ጠፋ? ተራ ፋንክሽን ክላስ ውስጥ ሲቀመጥ፣ በኦብጀክት በኩል ሲጠራ ኦብጀክቱን ከራሱ ጋር የሚያስር ጌት የሚባል ልዩ ሜተድ አለው። ይሄ ዴስክሪፕተር የሚባለው ነገር ነው። እኔ የሠራሁት ክላስ ግን ያ ሜተድ ስለሌለው ማንንም አያስርም። ጌትን ጨምሬለት ሠራ።

ሠራ ግን ሌላ ነገር አየሁ። አክስቴ ሌላም እቁብ አላት፣ የሰፈር ወርኃዊ። ሁለት ኦብጀክት ማለት ነው። የሁለቱም ጥሪ አንድ ላይ ተቆጠረ። ዲኮሬተሩ አንዴ ብቻ፣ ክላሱ ሲፈጠር ነው የተሠራው፣ ስለዚህ ቆጣሪውም ለሁሉም አንድ ነው። ለእያንዳንዱ ኦብጀክት ለየብቻ የሚሆን ነገር ኦብጀክቱ ላይ መቀመጥ አለበት።

ቆጣሪውን አጠፋሁት። ማንም ቁጠርልኝ ብሎ አልጠየቀኝም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሚካኤል። ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ነው፣ ኅዳር ሲታጠን። መስኮት ዘግቼ ስሠራ ዋልኩ፣ ልብሴ አሁንም ጭስ ጭስ ይላል።

ዛሬ የሌላ ሰው ዲኮሬተር ሞከርኩ። ፈንክቱልስ ውስጥ ኤልአርዩ ካሽ የሚባል አለ፣ ከ2011 ከፓይተን 3.2 ጀምሮ። ሜተዱ አንዴ ያሰላውን ያስታውሳል፣ በዚያው አርጊውመንት እንደገና ሲጠራ ሳያሰላ የድሮውን መልስ ይሰጣል። ካልነገርከው በቀር 128 መልሶችን ይይዛል። ድምር ላይ አደረግኩት። አንዲት መስመር፣ ፈጣን፣ ጎበዝ ነኝ።

ከዚያ አንድ ክፍያ ጨመርኩ። ድምሩ አልተነቃነቀም። ሌላ ጨመርኩ፣ ያው።

ድምር ከኦብጀክቱ በቀር ምንም አርጊውመንት የለውም። ለካሹ ደግሞ ኦብጀክቱ ያው ኦብጀክት ነው፣ ውስጡ ያለው ብር ቢቀየርም ማንነቱ አልተቀየረም። ስለዚህ የመጀመሪያውን መልስ እስከ ዓለም ፍጻሜ ይደግመዋል። በዚያ ላይ ካሹ ኦብጀክቱን ይዞ ስለሚቆይ እኔ ጨርሼ ብጥለው እንኳ ከሜሞሪ አይወጣም።

የአባል_ዕዳ ላይ ስሞክረው ደግሞ ጭራሽ እምቢ አለ። ካሹ አርጊውመንቱን እንደ ቁልፍ ለመጠቀም ሃሽ ማድረግ (መለያ ቁጥር ማውጣት) አለበት፣ አባል ደግሞ በዳታክላስ የተሠራ ነው። ዳታክላስ ራሱ የክላስ ዲኮሬተር ነው፣ በ2018 ከፓይተን 3.7 ጋር የመጣ። ማነጻጸሪያ ሜተድ ሲጨምርልህ ሃሽ መደረጉን በዝምታ ያጠፋዋል፣ ምክንያቱም ይዘቱ የሚለዋወጥ ነገር ቁልፍ መሆን የለበትም። ይሄኛው ቢያንስ ጮኾ ነው እምቢ ያለው። የፊተኛው ግን በፈገግታ ነው የዋሸኝ።

ደግሞ ምን አስቸኮለኝ? ለካሁት። የ24 ሰው ክፍያ መደመር አንድ ሚሊሰከንድ እንኳ አይፈጅም። አነሳሁት።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ ማታ

ነገ ስብሰባ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነተኛ ብር። ክፍያ ሲመዘገብ ለአባሉ ኤስኤምኤስ እንዲደርሰው አድርጌያለሁ። ኔትወርክ እንደሚታወቀው ነው፣ ስለዚህ ደጋግም የሚል ዲኮሬተር ጨመርኩ። ሲከሽፍ 1 ሰከንድ ጠብቆ፣ ከዚያ 2 ሰከንድ ጠብቆ ይሞክራል፣ በድምሩ ሦስት ጊዜ። 15 መስመር አይሞላም፣ በጣም ነው ያማረብኝ።

@ይጻፍ
@ፈቃድ(ሚና.ጸሐፊ)
@ደጋግም(3)

እንዲህ ሆኖ ክፍያ_ጨምር ላይ ተቀምጧል። ተኛሁ።

ኅዳር 14፣ እሁድ

ስብሰባው 9 ሰዓት ላይ ተጀመረ። ዳኛው ጋሼ ብሩን በእጃቸው እየቆጠሩ፣ አክስቴ እየመዘገበች፣ እኔ ጥግ ላይ ቆሜ። 23 ሰው ያለ ችግር ከፈለ፣ ስልኮች ጢን ጢን እያሉ። የመጨረሻዋ ሴትዮ ጋ ገጹ ቆመ፣ ቆመ፣ ከዚያ "አልተሳካም" አለ። አክስቴ እንደገና ተጫነችው። እንደገና ቆሞ "አልተሳካም"።

ከዚያ ድምሩን አነበበች፦ 58,000።

ጠረጴዛው ላይ ያለው 48,000 ነው። ቤቱ ጸጥ አለ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው "ልጄ፣ 10,000ው የት አለ?" አሉ። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አላወቅኩም። ሃያ አራት ሰው እኔን ያየኛል።

ቤት ገብቼ የገባኝ ይሄ ነው። ክፍያ_ጨምር ሁለት ሥራ ይሠራል፣ ክፍያውን ዳታቤዝ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ኤስኤምኤስ ይልካል። የመልእክት አገልግሎቱ መልስ ሳይሰጥ ሲዘገይ ስህተት ተነሳ፣ ደጋግም ደግሞ የተነገረውን አደረገ። ሜተዱን በሙሉ ከመጀመሪያው ደገመው። ክፍያው እንደገና ተጻፈ። ሦስት ጊዜ። አክስቴ ደግማ ስትጫን ሌላ ሦስት። የአንዲት ሴት ክፍያ ስድስት ጊዜ ተመዘገበ፣ አምስቱ ትርፍ፣ 10,000 ብር።

የበለጠ ያስደነገጠኝ ግን መዝገቡ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ያድነኛል ብዬ የሠራሁት መዝገብ ላይ ስለ ሴትዮዋ ያለው ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ ሁለቱም "አልተሳካም" ይላሉ። ይጻፍ ከላይ ነው ያለው፣ ድግግሞሹ የሚካሄደው ከሱ ሥር። ዘበኛው አንድ ሰው ሲገባና ሲወጣ ነው ያየው፣ ሰውየው ውስጥ ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ ፊርማ እንዳኖረ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ሰኞ ዕለት በቅደም ተከተሉ ስኩራራ ይሄን ጎን አላየሁትም።

በዚያ ላይ ሰዓቱ። 9 ሰዓት ላይ የተደረገው ሁሉ መዝገቡ ላይ 12 ሰዓት ይላል። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው የሚቆጥረው፣ እኛ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ በዚያ ላይ የኛ አቆጣጠር 6 ሰዓት ወደኋላ ይጀምራል። 9 ሰዓት ከቀትር በኋላ ማለት በዩቲሲ 12 ነው። ሰዓቱ የሚጻፈው ይጻፍ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስለሆነ ይሄኛው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ዳታው በዩቲሲ እንደሆነ ይቀመጣል፣ ለአክስቴ ሲታይ ይቀየራል። አሥራ አንዱንም ሜተዶች መነካካት ቢኖርብኝ ኖሮ ዛሬ ማታ እንቅልፍ የለም ነበር።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ጥገና። መጀመሪያ ዳታቤዙ ላይ አንድ አባል በአንድ ሳምንት ከአንድ ክፍያ በላይ እንዳይኖረው የልዩነት ገደብ አደረግኩ። አሁን ኮዱ ቢያብድ እንኳ ሁለተኛው መስመር አይገባም። ይሄ ከዲኮሬተር ጋር ምንም አያገናኘውም፣ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ ግን እሱን ነበር።

ቀጥሎ ክፍያ_ጨምርን ከኤስኤምኤሱ ለየሁት። ክፍያው ይጻፋል፣ አለቀ፣ ተሳክቷል። መልእክቱ ባይደርስ ክፍያውን አያፈርሰውም። ደጋግምን ከክፍያ_ጨምር ላይ አንስቼ መላኪያው ላይ ብቻ አደረግኩት፣ የሚደግመውም ለማንኛውም ስህተት ሳይሆን ለመዘግየትና ለግንኙነት መቋረጥ ብቻ። የዘገየ መልስ አልተላከም ማለት ስላልሆነ አንዳንዱ ሰው ሁለት መልእክት ሊደርሰው ይችላል። ሁለት ጊዜ "ተቀብለናል" መባል ማንንም አይጎዳም፣ ሁለት ጊዜ 2,000 መጻፍ ግን አያችሁት።

በነገራችን ላይ የአማርኛ ኤስኤምኤስ አንዱ የሚይዘው 70 ፊደል ነው፣ በላቲን ፊደል 160 ይይዝ የነበረው። "የተከበሩ አባላችን" ብሎ መጀመር ብር ማባከን ነው። ስም፣ ብር፣ ሳምንት። በቃ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ለወርኃዊው እቁብ ከእቁብ የሚወርስ ወርኃዊ_እቁብ የሚል ክላስ ሠራሁ። እዚያ ዕጣ የወጣለት ሰው ሁለት ዋስ ማምጣት አለበት፣ ስለዚህ ዕጣ_መዝግብን እንደገና ጻፍኩት። (ዕጣውን ኮምፒውተር ያውጣ ብዬ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ጋሼ "ዕጣ በማሽን? ይቅርብን ልጄ" አሉ። አንድ ሕፃን ከባርኔጣ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት ያወጣል፣ ፕሮግራሙ የወጣውን ይመዘግባል። ትክክል ናቸው፣ ሰው ያየውን ነው የሚያምነው።)

በተራ አባል ስም ገብቼ ስሞክረው ዕጣ መዘገበልኝ። ፈቃድ የለም፣ መዝገብም የለም።

ዲኮሬተር አይወረስም። የተጠቀለለው የወላጁ ሜተድ ነው፣ ልጁ ያንን ስም በአዲስ ሜተድ ሲሸፍነው መጠቅለያውም አብሮ ይቀራል። ልጁ ላይ ደግሜ ብለጥፈው ይሠራ ነበር፣ ግን እንዲያ ከሆነ ወደ ኮፒ ፔስት ተመለስኩ ማለት ነው፣ ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ዓይነት እቁብ ስጨምር እረሳዋለሁ። ወላጁ ክላስ ልጅ በተወለደ ቁጥር ሜተዶቹን ራሱ እንዲጠቀልል ማድረግም ይቻላል፣ ኢኒት ሰብክላስ የሚባል መንገድ ከፓይተን 3.6 ጀምሮ አለ። አሰብኩትና ተውኩት፣ ሌላ የተደበቀ ነገር መጨመር አልፈለግኩም።

የመረጥኩት ተራውን ነው። ዕጣ_መዝግብ ወላጁ ላይ ይቀራል፣ ከነዲኮሬተሮቹ፣ ማንም አይነካውም። እሱ ውስጡ ዋስ_አጣራ የሚል ትንሽ ሜተድ ይጠራል። ልጆቹ መቀየር የሚችሉት ያንን ብቻ ነው። በሩ አንድ፣ ጓዳው የየራስ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ቴስት፣ ማለትም ኮዱን የሚፈትሽ ኮድ፣ ጻፍኩ። የመላኪያው ቴስት በጣም ይዘገያል፣ ምክንያቱም ደጋግም በእውነት 1 ሰከንድና 2 ሰከንድ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ራፕስ የተጠቀመ ዲኮሬተር ዋናውን ፋንክሽን ራፕድ በሚባል ስም ሥር ያስቀምጠዋል፣ በዚያ በኩል ሸፋኙን ዘለህ መጥራት ይቻላል። ግን ሌላ ሜተድ ውስጥ ሆኖ ሲጠራ አይሆንም።

ጃቫ የሚጽፍ ጓደኛዬ ደውሎ "እኛ ጋ እኮ አኖቴሽን አለ፣ ያው ነው" አለኝ። ያው አይደለም። የጃቫ አኖቴሽን የተለጠፈ ምልክት ነው፣ ሌላ የሚያነበው ኮድ ከሌለ ምንም አያደርግም። የፓይተኑ ሜተዱን በቦታው ይተካዋል። ወዲያው ግን አንድ ጥሩ ነገር አስታወሰኝ፣ ዲኮሬተር ፓተርን የሚባለውን የድሮውን። እዚያ የሚጠቀለለው ሜተድ ሳይሆን ኦብጀክት ነው። ላኪ የሚል ክላስ አለኝ፣ ደጋጋሚ_ላኪ የሚል ሌላ ክላስ ደግሞ ያንኑ ላክ የሚል ሜተድ ይዞ ውስጡ ላኪውን ያቅፋል። እቁቡ የሚያውቀው ላክ ማለትን ብቻ ነው፣ ማን እንደሆነ አያውቅም።

ደጋግምን ወደዚህ አዛወርኩት። ለአክስቴ ፕሮግራሙ ሲነሳ ደጋጋሚውን እሰጠዋለሁ፣ ቴስት ላይ ባዶውን። በኧት ምልክት የተለጠፈው ክላሱ ሲፈጠር ስለሚጋገር በኋላ አይነቀልም፣ ይሄኛው እንደ ነጠላ ነው፣ ስትፈልግ ትደርበዋለህ፣ ስትፈልግ ታነሳዋለህ። ቴስቶቹ አሁን ቅጽበት ናቸው።

በኧት ምልክት የቀሩኝ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ይጻፍና ፈቃድ። ሳስበው ሁለቱም በሩ ላይ ይቆማሉ እንጂ የውስጡን ሥራ አይነኩም። ያስለቀሱኝ ካሹና ደጋግም ናቸው፣ እነሱ መልሱን ወይም ሥራውን ራሱን የሚቀይሩ ነበሩ።

ኅዳር 21፣ እሁድ

ጽዮን ስለነበረች ስብሰባው ዘግይቶ ተጀመረ፣ ግማሹ ሰው ነጭ እንደለበሰ ነው የመጣው። 24 ሰው፣ 48,000። ጠረጴዛውም ስክሪኑም እኩል። ጋሼ ሁለቴ አስነበቡኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነገር ተነሳ። ጋሼ የወጣውን ዕጣ በስህተት በሌላ ሰው ስም መዝግበው ነበር፣ ሰርዘው አስተካከሉት። አንዱ አባል "ማነው የሰረዘው?" አለ፣ ድምፁ ትንሽ ከፍ ብሎ። አክስቴ ላፕቶፑን ወደሱ አዞረችው። ዕጣ_ሰርዝ፣ ዳኛ፣ 9 ሰዓት ከ52፣ ተሳክቷል። አነበበውና "አሃ" ብሎ ቡናውን አነሳ። ያ ኅዳር 6 ላይ ረስቼው የነበረው ሜተድ ነው።

ደብተሩ ግን አልቀረም። አክስቴ ከላፕቶፑ ጎን ዘርግታው በእስክሪብቶ እያስተያየች ራይት ታደርጋለች፣ ተዪው ማለት አልደፈርኩም። ሲበተኑ ጠራችኝና "ይሄ ነገርህ ፀሐይን ፈልግ ስለው የለችም ይለኛል" አለች። አየሁት። ስታስመዘግባት በጸ ነው የጻፈችው፣ ስትፈልጋት በፀ። ለሚቀጥለው ሳምንት ሥራዬ እሱ ነው። ስም ሲገባም ሲፈለግም ተመሳሳይ ፊደሎችን ወደ አንድ የምታመጣ ትንሽ ፋንክሽን፣ ተራ ፋንክሽን።